የቡችላዋ ትንፋሽ

ጋሽ ስፖንጅ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ሶፋ አዳሽ ናቸውና ጢማቸው ላይ ሳይቀር የስፖንጅ ብናኝ አይጠፋም። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ የልባቸውን የሚያወሩት ለውሻቸው ነበር። ውሻይቱ ከእህታቸው ውሻ ሦስት ቡችሎች ወለደች። የቡችሎቹ እናትና አባት የአንድ ሆድ ልጆች መሆናቸውን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሁለቱን ወንዶች ለሁለት ጎረቤቶች ሰጥተው ሴቷን ለራሳቸው አስቀሩ።

ቡችላዋ ገና ጥርስ ሳትቀይር ድምፅዋ ሰለለ። ስትሮጥ ትንፋሿ ያፏጫል፤ የኋላ እግሮቿ ይተሳሰራሉ። አጥንት ተሰንቅሮባት እንደሆነ ብለው ጉሮሮዋን በጣታቸው ቢፈትሹ ምንም የለም። ይዘዋት ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሄዱ። ሐኪሟ የኋላ መዳፏን አጥፋ በጀርባው ብታስቀምጠው ቡችላዋ መልሳ አላቃናችውም። ማንቁርቷን የሚከፍቱት ነርቮች እየደከሙ መሆናቸውን፣ የእግሮቿም እንደዚያው መሆኑን፣ የሚያድን መድኃኒትም እንደሌለ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው።

“ምን አብልቻት ይሆን?” አሉ።

“የእርስዎ ጥፋት አይደለም ጋሼ። ከእናቷም ከአባቷም የወረሰችው ነው። ጤነኛ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም በዘራቸው ይዘውታል። ዳግመኛ እንዳያገናኟቸው።”

እህታቸው ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ከሚቀጥለው ወሊድ ቡችላ እሰጣለሁ ብላ ለስንቱ ቃል ገብታለች። የእኔ ውሻ ምን ጎደለው ብላ አኮረፈች። ጋሽ ስፖንጅ አልተከራከሩም፤ ቡችላዋን ታቅፈው ሄደው ግቢዋ ውስጥ አወረዷት። ቡችላዋ አባቷን ስታይ ልትጫወት ተነሣች፤ ደረጃው ጋ ወደቀች፤ ተነሥታ ደግማ ወደቀች። አየር ስትስብ ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማል። እህትየው አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

“በቃ ወንድም ጋሼ፤ የእኔ ውሻ ይኮላሽ” አለች።

ጋሽ ስፖንጅ ከሶፋ ቁርጥራጭ ጨርቅ የቡችላዋን ወገብ የሚደግፍ መታጠቂያ ሰፉላት፤ አንገቷን እንዳያንቃትም ማሰሪያዋን ወደ ደረቷ አወረዱት። ጠዋት ጠዋት ጥላ ጥላውን ያዘግማሉ። ሰፈርተኛው ጋሽ ስፖንጅ ውሻ እንደ ዘንቢል አንጠልጥለው ወጡ እያለ ይቀልዳል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ሙቀቱ ሲበረታ ግን ትንፋሽ ያጥራት፣ ምላሷም ሰማያዊ ይመስል ጀመር። ሐኪሟ ሲጠሯት ሥራ ቦታቸው ድረስ መጣች። ቡችላዋ ጭናቸው ላይ እንደተኛች ከሥቃይዋ የሚያሳርፋትን መርፌ ወጋቻት፤ ፉጨቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ጋሽ ስፖንጅ መታጠቂያውን ከወገቧ ፈቱላት።

ከዚያ ወንድሞቿን ሊያዩ ወጡ። የአንደኛው ጎረቤት ቡችላ ደህና ነው። የሁለተኛው ጎረቤት፣ የአናጢው፣ ቡችላ ድምፅ ግን እንደ እህቱ መስለል ጀምሯል። አናጢው መጀመሪያ ሊሰማቸው አልፈለገም፤ በኋላ መጋዙን አስቀምጦ ኮቱን ደረበና አብረው ወደ ሐኪሟ ሄዱ።