ሃይድሮጅን የጠጣች ብረት

ራቢዓ ሐቢብ ያደገችው ጎንደር አዲስ ዓለም፣ ከአባቷ የአቡጀዲ ሱቅ ጀርባ ነው። ኬሚስትሪ ተምራ እዚያው ከተማ በአንድ ትንሽ ቤተ ሙከራ ስትቀጠር እናቷ ወይዘሮ ዙሌይካ የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄ፣ ስብሰባ ላይ አፍሽን ያዢ።» ታላቅ ወንድሟ ከማሉዲን በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አንድ ስብሰባ ላይ ተናግሮ እንደወጣ አልተመለሰም።

ሥራዋ ከአንዲት ስስ ብረት ጋር ነበር። ዶክተር አስማረ ጀርመን ተምረው ሲመለሱ በመሐረብ ጠቅልለው ያመጧት፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የማትወፍር ቁራጭ ናት። ቀልጣ ሳለች በቅጽበት ስለቀዘቀዘች ውስጧ እንደ ሌላው ብረት በረድፍ አልተደረደረም፤ እንደ መስተዋት ሁሉ ቅጥ የለውም። ስትሞቅ ከተደባለቀ ጋዝ መካከል ሃይድሮጅንን ብቻ ለይታ ታሳልፋለች። ዶክተሩ ሃይድሮጅን አንድ ቀን ማገዶን ይተካል ብለው ያምናሉ። ሌላ ቁራጭ ግን አልነበራቸውም።

ብረቷ ክፉ ጠባይ ነበራት። ሃይድሮጅን እንደጠጣች ከቀዘቀዘች ትሰነጠቃለች። ስለዚህ መጀመሪያ ጋዙ በናይትሮጅን ተገፍቶ ይወጣል፤ የምትሞቅበት የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ራቢዓ ይህን ስትሠራ ሕፃን የምታስተኛ ይመስል በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

በ፲፱፻፸፮ ነሐሴ፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰልፍ ልምምድ በሚወጣበት ቀን፣ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ የሻው፣ ዝናብ ያበሰበሰውን ካፖርቱን እንደለበሰ ገባ። ከከማሉዲን ጋር አንድ ክፍል የተማረ ነው።

«ሰው ሁሉ ወጥቷል እኮ! አንቺን በደብዳቤ እንጥራሽ?»

«ጋዙን ላስወጣ፤ ትንሽ ታገሠኝ።»

«አብዮቱ የሽንኩርት ልጣጭሽን ይጠብቅ? መብራቱ ደግሞ የሕዝብ ነው» አለና የምድጃውን ማጥፊያ ራሱ ተጫነው።

እጁን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ያን ቀን ጭቃ ላይ መፈክር ተሸክማ ስትዞር ሐሳቧ ምድጃው ዘንድ ነበር።

በማግስቱ ሲከፍቱት ብረቷ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ዶክተር አስማረ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ስብሰባ ተጠራ። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው «ይህ አሻጥር ነው» አለ። «አጥፊው ካልታወቀ ኃላፊው ዶክተር አስማረ ይታሰራሉ። ምድጃውን ማን አጠፋው?»

የሻው ከጎኑ ተቀምጦ ባዶ ብርጭቆ ያሽከረክራል። ራቢዓ አየችው። ካድሬ ብትከስ መጨረሻዋ እንደ ወንድሟ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ዶክተሩ ይሄዳሉ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሰልፉ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሰው ግን ለአብዮቱ ሰልፍ በመቸኮሏ ሊቆጣ አልቻለም። ግለ ሂስ አስደረጓትና አይከል በምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት እንድታስተምር አዛወሯት።

በምትሄድበት ጠዋት የሻው አውቶቡስ ተራ መጣ። ሻንጣዋን ከእናቷ እጅ ተቀብሎ ጣሪያው ላይ አሰረው። ሲወርድ በመስኮቱ በኩል ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ምነው ስሜን ሳትጠሪ ቀረሽ?»

«እናቴ ሌላ ልጅ የላትም።»

ወይዘሮ ዙሌይካ አልሰሙም። የሻውን አገላብጠው ሳሙት። «አላህ ይስጥህ፣ የከማል ጓደኛ! ደግ ሰው አልጠፋም» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አፍሽን ይዘሻል አይደል?»

«ይዣለሁ፣ እማ» አለች ራቢዓ።