የጤና አዳሙ ትሎች

እኔ ስናደድ አማርኛዬ ድራሹ ይጠፋል። ከአፌ የሚወጣው ዕብራይስጥ ብቻ ነው። በዚህ ጠባዬ አንድ ቀን አባቴን ልገድለው ምንም አልቀረኝም።

ራማት ቬርበር የሚባል ሰፈር የነበረው ቤታችን ከኋላው ምንጣፍ የምታክል ጓሮ ነበረችው። እናቴ ጤና አዳም ተክላበታለች፤ ለሆድ ቁርጠት፣ ለቡዳ፣ ለሁሉም። አንድ ቀን ቅጠሉ ላይ ጥቁር መስመርና ብርቱካናማ ነጥብ ያለው አረንጓዴ ትል አየሁ። መጽሐፍ ሳገላብጥ ለካ ያ ትል አድጎ ቢጫ፣ ጅራታም፣ መዳፍ የሚያክል ቢራቢሮ ይሆናል! እናት ቢራቢሮዋ እንቁላሏን የምትጥለው መርጣ ነው፤ ጤና አዳምና እንስላል ደግሞ ነፍሷ ናቸው። አበድኩ። አጥሩን ተከትዬ እንስላል ዘራሁ፣ ጤና አዳሙንም እየቆረጥኩ አባዛሁት።

"ለሰው መድኃኒት ተክዬ ትል ልቀልብ?" አለች እናቴ።

"እማ፣ ግማሹ ያንቺ፣ ግማሹ የኔ" ብዬ ለመንኳት።

"በሰደር" አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። በሰደሯ ሦስት ቀን ቆየች።

ያን ሰሞን ሰሜን ድንበር ላይ ጦርነት ነበር። ወታደሩ ወንድሜም እዚያው ነው፤ ከደወለ አምስት ቀን አልፎታል። አባቴ ሰጉላ ሰፈር ካለው ፋብሪካ ሲገባ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ይለጥፋል እንጂ እህል አይቀምስም። እናቴ ደግሞ የምትይዝ የምትጨብጠውን አጥታለች።

በአራተኛው ቀን ጓሮ ስወጣ ጫማዋን አውልቃ ትሎቼን ድንጋይ ላይ ትቀጠቅጣለች። ጥርሷን ነክሳ፣ "እንካ! እንካ!" እያለች። ድንጋዩ በአረንጓዴ ጭማቂ ርሷል። ሃያ ይሆኑ ነበር፤ አንድ አልተረፈም። ደሜ ፈላ። ጫማውን ነጥቄ ከአጥሩ ማዶ ወረወርኩት፤ ክንዷን ይዤ ናጥኳት፣ የገዛ እናቴን! ከዚያ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፦ "ሀዘሓሊም ሜቱ! ኩላም ሜቱ!" ትሎቹ ሞቱ፣ ሁሉም ሞቱ ማለቴ ነው።

በዕብራይስጥ ትል "ዘሓል" ነው፤ ትሎች "ዘሓሊም"። ወታደሮች ደግሞ "ሓያሊም"። ልጁ ጦር ሜዳ ላለ፣ በመስኮት ለሚሰማ አባት ምን ልዩነት አለው?

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተሰበረ። "ልጄን! ልጄን!" የሚል ጩኸት ተከተለ። ሮጬ ስገባ አባቴ ግንባሩን ከበሩ መቃን ጋር ያላትማል፤ ደሙ በቅንድቡ ወርዶ ሸሚዙን አበላሽቶታል። ልይዘው ብል ገፍትሮ ከጠረጴዛው ጋር አጋጨኝ።

"አባ፣ ትል ነው! የጤና አዳሙ ትል!" አልኩት። "እሱ አይደለም!"

ቆሞ አየኝ። ከዚያ በጥፊ አጮለኝ። እስከዚያ ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም።

"ከእንግዲህ በቤቴ ስትጮሂ በአማርኛ ጩሂ!" አለኝ።

ደሙን ሳይጠርግ ዶማ ይዞ ወጣ። ጤና አዳሙን፣ እንስላሉን፣ የእናቴንም የእኔንም ሳይለይ እየፈነቀለ ጣለው። እናቴ በአንድ እግሯ ጫማ አድርጋ ታየዋለች። ማናችንም አልከለከልነውም።

ወንድሜ በማግስቱ ደውሎ "ደህና ነኝ" ብሎ ዘጋ። ጦርነቱ ግን ቀጠለ። ዶማው ያልደረሰበት ሥር ሲያቆጠቁጥም ወንድሜ ገና ቤት አልመጣም ነበር።

አንድ ጠዋት አባቴ ጓሮው ውስጥ ጎንበስ እንዳለ ጠራኝ።

"ነይ! መጥተዋል፣ ትሎችሽ መጥተዋል!"

ከዚያ ቀና አለና እናቴ ወዳለችበት መስኮት ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፦ "ትሎች ነው ያልኩት፣ ትሎች!"