ከማበጠሪያው በላይ የተሰቀለው ወረቀት

ከፋብሪካው ሰው ሁሉ ማሽን ነክቼ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የደኅንነት ኃላፊ የሆንኩትም እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በጸሐፊነት ሳገለግል ነው። አንድ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ አደጋ መከላከልን እንዲማር፣ ተፈትኖም የምስክር ወረቀት እንዲያመጣ ደብዳቤ መጣ። ማሽኑን እስከ አንጀቱ ድረስ የሚያውቁት በአንኮበር በኩል ከቀጥቃጭ ቤት የተወለዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት ይጎድላል፤ ማንበብ አይችሉም። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ፣ ዳዊት ደግሜአለሁ፣ የእጅ ጽሕፈቴም ያምራል። ሥራ አስኪያጁ ብዙም አላሰቡበትም። «ጽሕፈቱ የሚያምረው ይሂድ» አሉና ሄድኩ።

ትምህርቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። አስተማሪው ፈረንጅ ነው፤ አጠገቡ አስተርጓሚ ይቆማል። የተሰጠንን መጽሐፍ አባቴ በአለንጋ መዝሙረ ዳዊትን እንዳስያዘኝ አድርጌ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። በፈተናው ዕለት «ከሚሽከረከር ነገር አጠገብ የሚንጠለጠል ልብስ መልበስ ክልክል ነው» የሚለውን አንዲት ቃል ሳልስት አወረድኩት። ፈረንጁ ተደንቆ ጨበጠኝ። ያን የሚሽከረከር ነገር አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ እንዳላየሁት አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ወረቀቱ ቀይ ማኅተም ያለበት፣ በመስተዋት የተለበጠ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ሲመጣ ቶሎ እንዲታይ ብለው ከሱፍ ማበጠሪያው ማሽን በላይ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ሰቀሉት። በሳምንቱ ሠራተኛው ሥዕሉን ተሳልሞ ሲያበቃ ወረቀቱንም መሳለም ጀመረ። አልፈርድባቸውም። ጽሕፈቱ አይነበብም፣ ማኅተሙ ቀይ ነው፣ ከሩቅ አገር በብዙ ድካም የመጣ ነው፤ ክታብ ከዚህ ሌላ ምን አለው? ተዉ፣ ይህ የሚሳለሙት ነገር አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ትእዛዜ ማሽን አጠገብ ጋቢና ነጠላ እንዳይለበስ ነበር። በኅዳር ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ቆሞ ጋቢ አውልቁ የሚል ሰው ወይ ቆላ ተወልዷል ወይ ጤና የለውም። እኔ ሳልፍ ያወልቃሉ፣ ዞር ስል ይደርባሉ። እኔም ቢሮዬ ገብቼ ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ እከናነባለሁ። በደንብ የተፈጸመልኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው። ሽማግሌው ከማበጠሪያው ጎን አንድ ረጅም የወይራ ዱላ ያስደግፉ ነበር።

«አባባ፣ ይህ ዱላ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«ቺንጋው ያበደ እንደሆን እመታበታለሁ።» ቺንጋ የሚሉት ሞተሩን ከማሽኑ ጋር አያይዞ የሚያዞረውን ሰፊ ጠፍር ነው።

«መጽሐፉ ግን ከማሽን አጠገብ ትርፍ ዕቃ አይቀመጥ ይላል።»

«ይላል?» አሉና በጎደሎ እጃቸው አገጫቸውን አሹ። «እንግዲህ መጽሐፍ ካለ ምን ይደረጋል።» ዱላውን አንስተው ሄዱ። ያን ቀን የሠራሁትን ሥራ በሚያምር ጽሕፈቴ ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት አደረግሁት።

ማበጠሪያው ላይ ሱፍ ከሚያጎርሱት መካከል አንዲት ወደ አርባ የምትጠጋ ሴት ነበረች። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ የቄስ ልጅ በመሆኔ እንደ ታናሽ ወንድም ታየኛለች። በዚያ ሰሞን ደነባ የሚኖር ወንድሟ ሞቶባት ከል ለብሳ፣ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ እንደ ሐዘንተኛ ወግ ተከናንባ ትሠራ ነበር። አርባው ገና አልወጣም። ሌላውን አውልቅ ስል፣ እሷን ግን እንዴት አድርጌ? ሐዘንተኛን ነጠላሽን ጣይ ማለት በእኛ አገር ሬሳ እንደ መሳደብ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ስለ ሐዘን አንድ መስመር የለውም።

አንድ ጠዋት ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡና ሥራ አስኪያጁ ወረቀቴን ሊያሳዩልኝ አስጠሩኝ። ክራቫቴን እያስተካከልኩ በማበጠሪያው በኩል ስጣደፍ አየኋት። የነጠላዋ ጫፍ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ከሚዞረው ነገር አንድ ስንዝር ርቆ ይወዛወዛል። ቆም አልኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ያለ ስህተት የማውቀው ቃል። ነውሩን አሰብኩ፣ እንግዶቹን አሰብኩ፤ ስመለስ እነግራታለሁ ብዬ አለፍኩ።

አሥር እርምጃ ያህል እንደ ሄድኩ ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል ማሽኑ ነጠላዋን በአንገቷ ይዞ እየጎተታት፣ አንድ እጇንም ውጦ ነበር። ሰው ሁሉ «ሚካኤል! ሚካኤል!» ይላል። ሞተሩ የት እንደሚጠፋ መጽሐፉ ላይ ገጹን አውቀዋለሁ፤ ግድግዳው ላይ ግን የት እንዳለ ጠፋኝ። ሽማግሌው ከሱፍ ጆንያዎቹ ኋላ ያን የወይራ ዱላ መዘው ወጡ። ለካ እኔን እሺ ብለው እዚያ ደብቀውት ኖሯል። ቺንጋውን ከጎን ሁለቴ ነርተው ከመዘውሩ አወለቁት። ማሽኑ ቆመ።

እጇ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታሉም ወጌሻውም ተረባርበው አዳኗት፤ ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲያ እንደ ልብ አልታጠፉም።

ከሁለት ወር በኋላ መጣች። በቀጥታ ወደ ማበጠሪያው ሄዳ መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥላ ወረቀቴን በግራ እጇ ዳስሳ ተሳለመች። «ይህ ወረቀትህ ባይኖር ኖሮ ማሽኑ አንገቴን ይቀነጥሰው ነበር» አለችኝ። ትወቅሰኛለች ብዬ ስንት ሌሊት መልስ ሳዘጋጅ ከርሜ ነበር፤ ያመጣችልኝ ግን ምስጋና ሆነ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አይቼሽ ነበር» አልኳት። «ነጠላሽ ሲንጠለጠል አይቼ ነው ዝም ብዬ ያለፍኩት።»

እሷ ምንም አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም አይቼሃለሁ። ልሰበስበው ብዬ እጄን ሰድጄ ነበር። ቆም ብለህ አይተኸኝ ስታልፍ ጊዜ፣ የተማረው ሰው ካለፈው ምንም የለበትም ብዬ ተውኩት።»

የዚያኑ ዕለት ወንበር ላይ ቆሜ ወረቀቱን አወረድኩት። ሠራተኛው መቅሰፍት ልታመጣብን ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ሥራ አስኪያጁም ተቆጡ። ሽማግሌው ግን ዱላቸውን አምጥተው ባዶ በቀረው ሚስማር ላይ አንጠለጠሉት። እኔም ከመጽሐፉ ውጭ ነው አላልኩም።