ውሃው ቢጫ የወረደበት መጋቢት

የዚያን ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሌሊቱን የጣለው ብርድ በረዶውን ከላይ እንደ ሸክላ አጠንክሮት አደረ፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣችና ከጣሪያው ጠርዝ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ነፋስ የሚባል የለም። ሜፕል ከሚባለው ዛፍ ግንድ ለሚቀዳው ጣፋጭ ውሃ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ፣ ቀኑም ካልሞቀ ዛፉ ውሃውን አይለቅም፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ግን ባልዲ ይዞ መሮጥ ነው። ስለዚህ ኤልሚር በአየሩ ልታመካኝ አልቻለችም።

በመጀመሪያው ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ባልዲ ክዳን አነሳች። ውሃው ቢጫ ነው። ወደ ሁለተኛው ዛፍ ሄደች፤ እሱም ቢጫ። ሦስተኛው ይባስ ብሎ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ጠበቃት። ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። ጣፋጭነቱ አለ፣ ግን ከኋላው የከረመ እንጨት ሽታ ይመጣል።

የሜፕል ውሃ በጊዜው ሲወርድ ከምንጭ ውሃ አይለይም። ቢጫ የሚሆነው ወቅቱ ሊያልቅ ሲል፣ ቡቃያው ሲያብጥና እንቁራሪቱ መጮህ ሲጀምር ነው። ያኔ ማንም ባልዲውን ሰብስቦ ቤቱ ይገባል። አሁን ግን መጋቢት ገና መግባቱ ነው፤ በረዶው ጭን ይደርሳል።

የባልዲው ዝገት ይሆናል ብላ አሰበች። ውሃውን ሁሉ በረዶ ላይ ደፋችው። ሁለት ቀን ሙሉ መቶ ሃያውን ባልዲ በፈላ ውሃ ፈተገች፤ የእጇ ቆዳ ተላጠ። መልሳ ዛፎቹ ላይ ሰቅላ በማግስቱ ስታየው ያው ቢጫ ነው።

ያ ፀደይ፣ የውሃው ወቅት፣ እንዲያልፋት አትፈልግም ነበር። ባሏ ኦኔዚም በሞተ በሦስተኛው ዓመት መኸር ላይ ታናሽ ወንድሙ ሮሳይር መጥቶ ጫካውን ልያዘው፣ ውሃው በባልዲ ፋንታ በራሱ የሚወርድበትን የፕላስቲክ ቱቦ ከዛፍ ዛፍ ልዘርጋበት፣ አንቺም እረፊ ብሏት ነበር። «አንድ ፀደይ ተወኝ» አለችው። «ካቃተኝ ትይዘዋለህ።» እሱም እሺ አለ። ልጅ አልነበራትም። ከጫካው ሌላ በጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት ነገር አልነበረም።

ኤልሚር ትምህርት ቤት የሄደችው እስከ አሥራ አንድ ዓመቷ ብቻ ነው። እናቷ ስትሞት አምስት ታናናሾቿን ይዛ ቀረች፤ እነሱን አሳድጋ ስትጨርስ ኦኔዚምን አገባች። አርባ ፀደይ አብረው ሠሩ። ኦኔዚም ዛፉን ይበሳል፣ ኤልሚር ባልዲ ትሸከማለች። እሱ መሰርሰሪያውን ይዞ ቀድሟት ጫካ ይገባል፤ እሷ ባልዲዎቹን በበረዶ ጋሪ እየጎተተች ስትደርስ ዛፎቹ ሁሉ ተበስተው፣ ትንንሾቹ የብረት አሸንዳዎች ተሰክተው፣ ውሃው መንጠባጠብ ጀምሮ ታገኘዋለች። መሰርሰሪያውን ነክታው አታውቅም። የከለከላት የለም። የእሱ ሥራ ስለነበር ነው፣ ሊጥ የእሷ እንደነበረው።

ሲሞት መሰርሰሪያውን ከግድግዳው አወረደችና ብቻዋን ገባች። የት እንደሚበሳ አታውቅም። ነገር ግን የእሱ የመጨረሻ ቀዳዳዎች በየዛፉ ላይ እንደ እምብርት ተጨፍነው ይታያሉ። ከእነሱ ሁለት ጣት ራቅ አድርጋ በሳች። ዛፉ እዚያ ቦታ ላይ መስጠት የለመደ መሰላት። በሚቀጥለው ዓመትም ከዚያው ሁለት ጣት፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። እስከዚህ ዓመት ድረስ ውሃው ጠርቶ ይወርድላት ነበር። ኦኔዚም ረጅም ሰው ነበር፤ ቀዳዳው ጋ ለመድረስ ክንዷን ወደ ላይ ማንሳት ነበረባት፣ ትከሻዋም ያማት ነበር። ዝቅ አድርጋ ልትበሳ ትችል ነበር። ግን እሱ እጁን ያሳረፈበት ቦታ ላይ እጇን ስታሳርፍ ጫካው ባዶ አይሆንባትም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። የሚጠይቃትም አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ሮሳይር መጣ። በዚያ አገር አንድ ሰው የሜፕሉን ውሃ እንደ ማር ወፍሮ ሽሮፕ እስኪሆን ማፍላት ሲጀምር ከማፍያ ጎጆው ጣሪያ ነጭ እንፋሎት ስለሚወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ያያል፣ ሊቀምስም ማንኪያውን ይዞ ይመጣል። ከኤልሚር ጣሪያ ምንም አልወጣም ነበር።

«ዋርሳዬ፣ እንፋሎትሽ ጠፋብኝ» አለ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ። «ሞተች ወይስ አገባች ብዬ መጣሁ።»

«ሁለቱም አልቀናኝም።»

ተከትሏት ወደ ጫካው ሄደ። ባልዲው ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ሻይ ነው እንዴ የምትቀጂው? ስኳር ጨምረሽበታል?»

«ዝገት ነው መሰለኝ። አጥቤ ነበር።»

«ኧረ ባልዲሽ ምን ዝገት አለው! ከእኔ ፊት ይሻላል።»

ከዚያ በኋላ ባልዲውን አላየውም። ተቀመጠና ኤልሚር ስትበሳ ከዛፉ ሥር በረዶው ላይ የወደቀውን የእንጨት ፍቅፋቂ በጣቱ ይለቅም ጀመር። ቡናማ ነበር። ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄዶ እዚያም ተቀመጠ። ከአራት ዛፎች በኋላ ተነሳ።

«የት ጋ ነው የበሳሽው?»

«እሱ የበሳበት አጠገብ።»

«ዘንድሮ?»

«በየዓመቱ።»

«ሁሉንም ዛፍ?»

«ሁሉንም።»

ሮሳይር ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። «ዋርሳዬ፣ ፍቅፋቂው ነጭ ሆኖ ነው መውደቅ ያለበት። ዛፍ ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ከቀዳዳው ወደ ላይም ወደ ታችም ያለው እንጨት ይሞታል፣ ይጠቁራል። ኦኔዚም በየዓመቱ አንድ መዳፍ ወደ ጎን ፈቀቅ ይል ነበር፣ ግንዱን እንደ መቀነት እየዞረ። አንቺ ከሞተው እንጨት ነው የምትቀጂው።»

ኤልሚር የኦኔዚምን የድሮ ቀዳዳ በጣቷ ነካችው።

«አርባ ዓመት አብረሽው ስትሠሪ አልነገረሽም?»

«አልጠየቅሁት፣ አልነገረኝ። እኔስ ሊጥ መቼ እንደሚደርስ መች ነገርኩት?»

ሮሳይር ይዛው የመጣችውን መሰርሰሪያ ተቀበላትና ፀሐይ ወደማያገኘው የዛፉ ጀርባ ዞረ። እዚያ በረዶው ወገቡ ድረስ ዋጠው። ሲበሳ ፍቅፋቂው እንደ አይብ ነጭ ሆኖ ወደቀ፣ ትንሽ ቆይቶም የጠራ ጠብታ መጣ።

«ይኸው። ጀርባው ደኅና ነው። ነይ አብረን እንብሳው፣ በሁለት ቀን እንጨርሳለን።»

ኤልሚር ጠብታውን አየችው። በእርግጥም ጥርት ያለ ነበር። «በአንድ ዓመት ሁለት ቁስል?» አለች።

«ትልልቆቹ ይችሉታል።»

«ትንንሾቹስ?»

ሮሳይር ወደ በረዶው አቀረቀረ። ከመቶ ሃያው ዛፍ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ትንንሽ ነበር፤ ኦኔዚም ሊሞት ሲል መበሳት የጀመራቸው።

«ቱቦህን አምጣ» አለችው።

«ኧረ ዘንድሮን ጨርሺ። ቱቦው የትም አይሄድ።»

«ካቃተኝ ብዬህ አልነበር? አቃተኝ።»

«አላወቅሽም እንጂ አላቃተሽም።»

«ለዛፉ ምን ልዩነት አለው?»

ሮሳይር ሊከራከራት ፈልጎ ነበር፤ ደግ ሰው ነው። እሷ ግን ቀድማው ወደ ቤት መሄድ ጀመረች። ሾርባ አቀረበችለት፣ የአተር ሾርባ፣ አሳማ ሥጋ የገባበት። ስለ እሱ ከብቶች አወሩ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ኦኔዚም ቢኖር አይቆጣሽም ነበር» አለ። እሷም፣ «እሱ ቢኖር መቼ እበሳ ነበር» አለችና በሩን ዘጋች።

አሸንዳዎቹን ነቅላ ለመጨረስ አራት ቀን ፈጀባት። ሮሳይር ሰው ልላክልሽ ቢላት እምቢ አለች። ቀኖቹ ሁሉ ያማሩ ነበሩ፣ ሌሊት ብርድ፣ ቀን ፀሐይ። ከጎረቤት ጣሪያዎች እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ከጫካው ይታያት ነበር። አንዳንዱ ዛፍ ላይ አሸንዳውን ስትነቅል ከቀዳዳው ቢጫው ውሃ ትንሽ ይፈስና ያቆማል፤ በጓንቷ ጠርጋው ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ባልዲዎቹን አጥባ ማፍያ ጎጆው ውስጥ አፋቸውን ደፍታ ደረደረቻቸው።

በመኸር የሮሳይር ልጆች ቱቦውን ዘረጉ። ፀደይ ሲደርስ ትልልቆቹን ዛፎች ነጭ እንጨት እየፈለጉ በሱ፣ ትንንሾቹን ለጥቂት ዓመት አሳረፉ። ዛፎቹ አገገሙ ይባላል። በየፀደዩ አንድ ቆርቆሮ ሽሮፕ ያመጡላታል፣ ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች። ብቻዋን በዚያ ቤት ሁለት ክረምት ቆየች። ማገዶ መፍለጥ ሲከብዳት ቤቱን ዘጋች።

ኤልሚር አሁን ሰባ አራት ዓመቷ ነው። በመንደሩ ውስጥ ከፖስታ ቤቱ በላይ ባለች አንድ ክፍል ብቻዋን ትኖራለች።