ከጀርባ የገባው ጥይት

የጡረታ ፋይሌ የተንጠለጠለው በአንድ ጥያቄ ነበር፤ ጥይቱ ለምን ከኋላ ገባ? ሸሚዜን አውልቄ ትከሻዬን ለጸሐፊው አሳየሁት። አገላብጦ አየኝ፤ እኔ እንኳ ማንጎ ስገዛ እንዲያ አላገላብጥም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሲሸሽ የተመታ በጦር ጉዳት አይመዘገብም። ምስክር ያምጡ።»

ምስክር ከየት ይመጣል? በደርግ ጊዜ አብረውኝ የተዋጉት አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። የቀረው አንድ ነው፤ ከሸርቆሌ ወዲያ የሚኖር የበርታ ሰው፣ ያኔ በአህያ ጥይት ያመላልስልን የነበረ። ዛሬ ለሱቄ ማንጎ ያመጣልኛል። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ከተዋወቅን ጀምሮ «አንቺ» ነው የሚለኝ። ለምጄዋለሁ።

በሚኒባስ መጣልኝ። ጸሐፊው ጠየቀው፦

«ጋሼ ሲመቱ እየሸሹ ነበር?»

«ወላሂ አልሸሸችም! እሷ ሰው አዘለች።»

«ማናት እሷ?»

«ይቺ!» ጣቱን ወደ ጺሜ ቀሰረ።

ጸሐፊው ሳቁን በፋይሉ ሸፈነ። እኔ አልሳቅኩም፤ ያ ጧት መጣብኝ።

ጠላት በቀርከሃው ጫካ በኩል ሰብሮ ገባ። ቀርከሃው በጥይት ሲሰነጠቅ እንደ ጅራፍ ይጮኻል። መትረየስ ተኳሻችን መንጋጋው ተወሰደ፤ እጁ ቃታው ላይ ቀረ። አንዱ አጠገቤ ሆዱ ተዘርግፎ፣ አንጀቱን እንደፈሰሰ እህል ወደ ውስጥ ሊሰበስብ ይታገላል። ሳንጃ ይዞ የመጣብኝን ግንባሩን በሰደፍ መታሁት። ወደቀ። ከወደቀም በኋላ መታሁት፤ ሰደፉ እስኪሰምጥ። ዞር ስል ጓዴ ጭኑ ተበስቶ መሬት ላይ ነው።

«ወንድሜ፣ አትተወኝ!»

አዘልኩትና ሜዳውን ይዤ ሮጥኩ። ጥይት ጀርባው ላይ ሲያርፍ ድው፣ ድው ሲል ይሰማኛል። አንዱ እሱን አልፎ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። ጓዴ አንገቴ ላይ ደም እያስመለሰ ሞተ።

«ያዘሉት ሰውዬስ ተረፈ?» አለ ጸሐፊው።

«ሞተች። ጥይት ሁሉ እሱ በላች።»

ጸሐፊው «ጓዱን ሲያድን የቆሰለ» ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ። ማኅተም ብቻ ቀረ።

በር ላይ ምስክሬን ሻይ ልጋብዝህ ስለው ክንዴን ያዘኝ።

«ሳሂቢ፣ ጓደኛዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ቦይ ቅርብ ነበር፤ ሦስት እርምጃ። ጎትተሽ ብትከቺው ይተርፍ ነበር። አዝለሽ ሜዳ ለምን ሮጥሽ?»

ነጋዴ ነኝ፤ ለጠያቂ መልስ አጥቼ አላውቅም። የበሰበሰ ሽንኩርት ይዤ እንኳ መልስ አለኝ።

«ጀርባዬ ፈርቶ ነበር» አልኩት።

ጫማውን አየ።

«እኔም አህያ ኋላ ተደበቅኩ። አህያ ሞተች፣ እኔ ተረፍኩ። ግን አህያ ‹ወንድሜ› አላለችም።»

ሻዩን አልፈለገም፤ ወደ መናኸሪያ ሄደ። እኔ ማኅተሙን ላስመታ ተመልሼ ገባሁ።