ለደመወዝ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፤ ለተጣሉ ጎረቤቶች ይላካል፤ ኮብልላ ለሄደች ሚስት ይላካል። ለደመወዝ ጭማሪ ሽማግሌ የተላከላት ሴት ግን ከእኔ ሌላ እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ እሠራለሁ። የዓመቱ የሥራ ግምገማ ያለቀ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶኝ ውጤቴ በጣም ጥሩ መሆኑን ነገረኝ፤ አመሰገነኝም። ከዚያ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጭማሪውን ነገረኝ። ጠዋትና ማታ የምሳፈርበትን ባጃጅ እንኳ በቅጡ የማይችል ጭማሪ ነበር። ማሽን ሲበላሽ እሑድ ከአምልኮ መሀል የምጠራው እኔ፣ አዲስ ገቢዎችን የማለማምደው እኔ፤ ብር ላይ ሲደረስ ግን ከሁሉም እኩል። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። በሩንም ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት። በሩን በኃይል ባልዘጋው ኖሮ ያመኝ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ያን ቀን እውነታቸውን እንደሆነ ገባኝ።

ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። መንገድ ላይ ሆኜ አንጋጫ ላለው አባቴ ደወልኩ። አባቴ ገበሬ ነው፤ ስልክ ላይ ብዙ አያወራም። እኔ ግን አወራሁ። እዚህ ቤት እንደ ሰው አልቆጠሩኝም፣ ጠልተውኛል አልኩት። ይህም አልበቃኝ ብሎ፣ እንደ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ፣ እዚያ ሱቅ ብጠብቅ ይሻለኛል አልኩ።

ታላቅ ወንድሜ በዚያ መንገድ ከሄደ ዓመታት ሆነውታል። ይደውላል፣ ገንዘብ ይልካል፤ እናታችን ስትቀበር ግን አልነበረም። አባቴ ፊት ያ አገር አይነሣም። አንሥቼው ደነገጥኩ፤ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቴ በከምባትኛ እሺ፣ ሰማሁ ብሎ ዘጋው። ነገሩን ቀለል አድርጎ የወሰደው መሰለኝ፤ እንዲያውም ቅር አለኝ።

በማግሥቱ አብራኝ ለምትሠራ ነርስ መልቀቂያ ልጽፍ ነው አልኳት። ቁጭ በይ አለችኝ። ስትናደጂ ምላስሽ ይቀድምሻል፤ መጀመሪያ ንዴትሽ ይብረድ፣ ከዚያ ለምን አነሰ ብለሽ ሳይሆን ምን ባደርግ ያድጋል ብለሽ ጠይቂው አለች። ምክሯ አልጣመኝም። እኔ የፈለግሁት አብራኝ እንድትናደድ ነበር። ሰውንም ማይክሮስኮፑንም አኩርፌ ሰነበትኩ፤ ከእሷ ምክር የተሻለ ነገር ግን አላገኘሁም። ሥራ አስኪያጁን ቀጠሮ ጠየቅሁት፤ ሐሙስ ጠዋት ነይ አለኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከአንጋጫ ምን እንደመጣብኝ የክሊኒኩ ዘበኛ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ፊት ገና መቀመጤ ነው፤ በሩን አንኳክቶ እንግዶች አሉ፣ የእሷ ናቸው አለ። አባቴ ሠርግ ሲጠራ ብቻ የሚያወጣውን ኮት ለብሶ ገባ። ከኋላው ሁለት ሰዎች ተከተሉት፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሌላው በሠፈሩ የተጣላ ሁሉ የሚፈለገው አስታራቂ ጎረቤታችን። ባዶ እጅ አይኬድምና አባቴ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ይዟል። ቡላው ጠረጴዛው ላይ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጠ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ በሱቅ ያደገ ሰው ስለሆነ እንግዳ መቀበል ያውቅበታል፤ ወንበር አስመጣ፣ ሻይ አዘዘ። መጀመሪያ ግን ክው ብሎ ነበር። ባለትዳር ሰው የሴት ልጅ ሽማግሌዎች ቢሮው ድረስ ሲመጡበት ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ።

አስታራቂው ረጋ ባለ አማርኛ ጀመረ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። ልጃችን ጠልተውኛል ብላለች። ያጠፋችው ካለ ይንገሩን፣ እንገሥጻታለን። የተቀየሙ ከሆነም ዕርቅ እናወርዳለን።»

ለእነሱ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰው ካልተቀየመ በቀር ደህና ሠራተኛውን አያሳንስም፤ ስለዚህ ጠብ አለ፤ ጠብ ካለ ደግሞ ይታረቃል። ጠብ የለም ብል ማንም አልሰማኝም።

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምንም አላጠፋችም» አለ። «እሷ ባትኖር ላብራቶሪውን እዘጋዋለሁ። ኪራይ ጨምረውብኝ ነው ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ያደረግሁት። ይህን ያን ቀን ልነግራት ይገባ ነበር፤ አፍሬ ዝም አልኩ።»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ ያዞረው ለካ አፍሮ ነው። እኔ የናቀኝ መስሎኝ ስበሳጭ ሰንብቻለሁ። ደመወዜ ያው ነው፤ ግን ከላዬ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ሽማግሌዎቹ ስላሉም ምላሴ ለዘበና የነርሷን ጥያቄ እንዳለ ጠየቅሁት፤ ምን ባደርግ ነው የሚያድገው?

አዲስ የደም መመርመሪያ ማሽን ሊገባ ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ የሚሠለጥንበት ሰው ይፈለጋል አለ። ሠልጥኜ ብመለስ የክፍሉ ኃላፊ እንደሚያደርገኝ፣ የኃላፊነት አበልም እንዳለው ነገረኝ። ስለ ማሽኑ ሰምቼ ነበር፤ ማን ይሄዳል ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። በጽሑፍ ይሁንልኝ አልኩ፤ እሺ አለ።

አስታራቂው ሳያስታርቅ አይሄድምና ሁለታችንንም አስነሥቶ አጨባበጠን። ያልተጣላን ሰዎች ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጸለየ፤ ለክሊኒኩ፣ ለበሽተኞቹ፣ እግዚአብሔር የአከራዩን ልብ እንዲያራራ ጭምር። አከራዩ ጋ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ከሁላችንም ጮክ ብሎ አሜን አለ።

መናኸሪያ ስሸኛቸው ሁለቱ ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ፤ አባቴ በሩ ላይ ቀረ። ስለ ጭማሪው አንድም ነገር አልጠየቀኝም፤ ስንት እንደነበረ ዛሬም አያውቅም። ኮቱን እያስተካከለ በከምባትኛ «ታዲያ አትሄጂም?» አለኝ።

ሽማግሌ የሰበሰበው ለደመወዜ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። አዲስ አበባ ብቻ ነው፣ ሠልጥኜ እመለሳለሁ አልኩት።

«ወንድምሽም እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር» አለ። ረዳቱ ሲጠራው ገባ።

ሥልጠናው እንዳለቀ ሆሳዕና ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ አንጋጫ ሄድኩ። መምጣቴን ደውዬ ነግሬዋለሁ። አባቴ ያንን የሠርግ ኮቱን ለብሶ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።