የቤት ጉድለት የምታውቀው አኮፋዳ

ቢቸና ቅኔ ያስተምሩ የነበሩት የእናቴ ወንድም ባለፈው ክረምት አረፉ። የኔታ ነበር የምንላቸው። ስለ እውቀታቸው ደቀ መዛሙርታቸው ይናገሩ፤ እኔ የማስታውሰው አኮፋዳቸውን ነው።

ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያልተለየቻቸውን ያችን አኮፋዳ አንግተው ሞጣ እኛ ቤት ሲመጡ፣ ገና ሳይቀመጡ «እስቲ ምን ጎድሏል?» ይላሉ። እናቴ መርፌ ካለች መርፌ፣ የሻይ ማጥለያ ካለች ማጥለያ ይወጣል። አንድ ጊዜ የስልክ ቻርጀር ወጥቷል። እኛ ልጆቹ አፋችንን ከፍተን ስናይ፣ «የሊቃውንት አኮፋዳ የቤት ጉድለት ታውቃለች» ይሉናል። አምነን ነው ያደግነው። ትልቅ ሰው ሆኜ እንኳ ብልሃቱን ማወቅ አልፈለግሁም።

አሁን አኮፋዳዋ እናቴ ቤት ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላለች። ከአርባቸው በኋላ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሱቅ ስኳር ልገዛ ገባሁ። ባለሱቋ አሮጊት ናቸው፤ የኔታን አነሱልኝ።

«ከመኪና ሲወርዱ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ነበር የሚመጡት። ‹እህቴ ሰሞኑን ምን ጎደለኝ አለች?› ይሉኛል፤ ያንን ገዝተው አኮፋዳቸው ውስጥ ይከታሉ።»

«እማዬ ይህን ብታውቅ!» አልኩ።

ሳቁ። «ታውቃለች እንጂ! ይመጣሉ ሲባል ብቅ ትልና የጎደላትን ነግራኝ፣ ሳትገዛ ትሄዳለች። ለምን ይመስልሻል?»

ስኳሩን ተቀብዬ ልወጣ ስል እኔም እንደ የኔታ ጠየቅኳቸው፤ «ሰሞኑንስ ምን ጎደለኝ አለች?»

ባለሱቋ ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

«እሳቸው ከተቀበሩ ወዲህ ምንም ነገር ጎደለኝ ብላ አታውቅም» አሉኝ።